የአንድ ጎን መርከብ

ጳጉሜን 3 ቀን 1958 ዓ.ም. ምሽት፣ የእኛ ሰው አሮጌውን ዓመት ለመሸኘት በሚሰናዳበት ሰሞን፣ በሰሜን አሜሪካ ኤን ቢ ሲ የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት አንዲት የጠፈር መርከብ ወደ ከዋክብት ሰደደ። ዕለቱ በእነርሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 ነበር፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል እናሳስባለን። የመርከቢቱ ስም «ኢንተርፕራይዝ»፣ የድራማው ስም «ስታር ትሬክ»፣ ማለትም «የከዋክብት ጉዞ» ነው። በሦስት የስርጭት ዘመን፣ በ79 ክፍሎች ቀርቦ ያለቀው ይህ ተከታታይ ድራማ፣ በሃያ ሦስተኛው ምዕተ ዓመት የሚኖሩ 430 ያህል መርከበኞች በካፒቴን ጄምስ ኬርክ እየተመሩ ከፕላኔት ወደ ፕላኔት ሲዘዋወሩ የሚገጥማቸውን ያሳያል።

በዚያ የመጀመሪያ ምሽት የቀረበው ክፍል ስለ አንድ አውሬ ነው። አውሬው ሥጋ አይበላም፣ ደም አይጠጣም፤ ከሰው ገላ ውስጥ ጨው ይመጥጣል። በአሞሌ ሲገበያይ ለኖረ ሕዝብ ልጅ ይህ በቀላሉ የሚገባ ስስት ነው። የቁሳቁስ ሠራተኞቹ ለዚህ ክፍል «የመጪው ዘመን ጨው መነስነሻ ፈልጉ» ተባሉና እንግዳ ቅርፅ ያለውን ሁሉ ከገበያ ሰብስበው መጡ። ይሁን እንጂ ቅርፃቸው እንግዳ ከመሆኑ የተነሣ ተመልካቹ ጨው መነስነሻ መሆናቸውን ሊያውቅ እንደማይችል ታሰበ። ስለዚህ በድራማው ውስጥ ተራው የማዕድ ጨው መነስነሻ ታየ፤ የተገዙት ደግሞ እንዳይባክኑ ለመርከቢቱ ሐኪም ለዶክተር ማኮይ ተሰጡ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዶክተሩ ቁስለኛውንም በሽተኛውንም በጨው መነስነሻ ሲያክም ኖረ። በሽተኞቹም ዳኑ።

ማንኛውም የመድረክ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ስቆ ሲያበቃም እጅ ይነሣል። ተዋናዩ ዴፎረስት ኬሊ ያን ቁራጭ ብረት የያዘው እንደ ሐኪም ነውና፣ መነስነሻው የሐኪም መሣሪያ ሆነ። የቴአትር ሥራ ከጥንት ጀምሮ ይኸው ነው። በ«ስታር ትሬክ» ላይ የሚሳለቁ ሰዎች ግን ዘወትር ጣታቸውን የሚቀስሩት በካርቶኑና በጨው መነስነሻው ላይ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ከእነርሱ ጋር አብረን መሳቃችን አይቀርም። ሆኖም የሚሳቅበትን ለይቶ መሳቅ ይገባል። ድራማው በድህነቱ በተቸገረባቸው ቦታዎች እስከ ዛሬ ያልሻገተ ሲሆን፣ ሻጋታው የሚታየው ገንዘብ በማይጠይቁት ነገሮች ላይ ነው፤ ይኸውም በሚናገረው ስብከትና ማንን በየትኛው ወንበር ላይ እንዳስቀመጠ።

የድራማው ፈጣሪ ጂን ሮደንበሪ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ፣ ቀጥሎም የሎስ አንጀለስ ከተማ ፖሊስ ነበረ። የቴሌቪዥን ድርሰት መጻፍ የጀመረው የፖሊስ ልብሱን ሳያወልቅ ነው። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ቴሌቪዥን በከብት ጠባቂና በሽጉጥ ታሪክ የተጥለቀለቀ ስለነበረ፣ እርሱም ሐሳቡን ለነጋዴዎቹ ያቀረበው በጋሪ ወደ ምዕራብ የሚጓዙ ሰፋሪዎችን ታሪክ ወደ ከዋክብት እንደማዛወር አድርጎ ነው። ፈረሱ መርከብ ሆነ፤ ሽጉጡ የጨረር መሣሪያ ሆነ፤ የመንደሩ ሹም ካፒቴን ሆነ። ተዋናይቱ ሉሲል ቦል ባለቤት የነበረችበት የደሲሉ ስቱዲዮ ሥራውን ተቀበለ።

የመጀመሪያው የሙከራ ክፍል በ1965 ለጣቢያው ቀርቦ ተመለሰ። ሮደንበሪ እንዳወራው ምክንያቱ «አእምሮን ከመጠን በላይ ያስጨንቃል» የሚል ነበር። (በእውነቱ ከሆነ ለአንድ ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ምን አለ?) ሁለተኛ ሙከራ እንዲሠራ ሲፈቀድለት ሁለት ነገሮች አከራካሪ ሆኑ። አንደኛው የሌላ ዓለም ተወላጅ የሆነው የስፖክ ሹል ጆሮ ነው፤ የጣቢያው ሰዎች ሰይጣን ይመስላል ብለው ከመስጋታቸው የተነሣ ለማስታወቂያ በታተመው ጽሑፍ ላይ ጆሮውንና ቅንድቡን በቀለም አስተካክለው የሰው ጆሮ አደረጉት። ሁለተኛው የመርከቢቱ ምክትል አዛዥ ሴት መሆኗ ነበር። በመጨረሻ ጆሮው ቀረ፤ ሴቲቱ ወረደች። ጣቢያው የተቃወመው ተዋናይቱን እንጂ ሴት መሆኗን አይደለም የሚሉም አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ተዋናይቱ ማጄል ባሬት ነጭ ብጫ አርቴፊሻል ጸጉር አጥልቃ፣ ከምክትል አዛዥነት ወደ ነርስነት ተዛውራ ተመለሰች፤ በ1969 ሮደንበሪን አገባች። ይህችን ወንበሯን የተነጠቀች ሴት አንባቢ በልቡ ያዝ እንዲያደርግልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ ድህነቱ እንሂድ። አንድ ክፍል የሚቀረጸው በስድስት ቀን ነበር፤ በጀቱም በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ክፍል ወደ 190 ሺህ ዶላር ይጠጋል። ገንዘቡ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን በየሳምንቱ አዲስ ዓለም ፍጠር ለተባለ ሰው ብዙ አይደለም። መርከቢቱን በየፕላኔቱ ላይ ማሳረፍ ከአቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ ሰዎቹ ከመርከቧ ውስጥ ብን ብለው ጠፍተው ፕላኔቱ ላይ እንዲሰበሰቡ ተደረገ። ብናኙ እውነተኛ ብናኝ ነው፤ በጠንካራ ብርሃን ፊት የተበተነ የአሉሚኒየም ዱቄት። የፊዚክስ መምህራን እስከ ዛሬ «ይቻላል፣ አይቻልም» እያሉ ከተማሪዎቻቸው ጋር የሚከራከሩበት ይህ ታላቅ ፈጠራ የተወለደው በሒሳብ ሹም ጠረጴዛ ላይ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እዚህ ግን እርጉዟ መልከ መልካም ልጅ ወለደች።

መርከቢቱ በጠላት ስትመታ ደግሞ የሚሆነውን ተመልከቱ። ካሜራው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ተዋንያኑ ወደ ሌላው ጎን ይወድቃሉ። ብዙውን ጊዜ እኩል ይወድቃሉ፤ አልፎ አልፎ ግን አንዱ ባልደረቦቹ መውደቃቸውን ካየ በኋላ ዘግይቶ ይወድቃል። የመቆጣጠሪያው ጠረጴዛ እየፈነዳ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ሊፈነዳ ተጠግኖ ይጠብቃል። ከዋክብትን ያቋረጠ ሥልጣኔ የመቀመጫ ቀበቶ መፈልሰፍ ተስኖታል። ቀይ ሸሚዝ ለብሶ ከካፒቴኑ ጋር ወደ ፕላኔት የሚወርድ ስም የለሽ ወታደር እንደሆነ የሚመለስ መሆኑን ማንም አይጠብቅም፤ የመጀመሪያው የሸቀጥ ማስታወቂያ ሳይደርስ ይሞታል። ማስታወቂያ ካነሣን ዘንድ፣ የድራማው አወቃቀር ራሱ የተቀረጸው በእርሱ ነው። እያንዳንዱ ክፍል አንድ አጭር መግቢያና አራት ገቢሮች አሉት። በየገቢሩ መጨረሻ ካፒቴኑ ዓይኑን ያፈጣል፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ የሰው ልጅ ዕጣ በሚዛን ላይ ይንጠለጠላል፤ ከዚያም ማስታወቂያ ይመጣል። ጥንት የግሪክ ደራስያን የገቢር ማሳረጊያቸውን ለመዘምራን ይሰጡ ነበር፤ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ለሳሙና ሰጠው።

ፕላኔቶቹ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አዳራሽ ናቸው። ዓለቱ ከፎም የተሠራ በመሆኑ አንድ ሰው ብቻውን ያነሣዋል። ሰማዩ በመብራት ቀለም ይለወጣል፤ ባለፈው ሳምንት ሐምራዊ የነበረው በዚህ ሳምንት ብርቱካንማ ነው። አንዳንድ ጊዜ ከከተማው ወጣ ብለው ቫስኬዝ ወደሚባል ቋጥኛማ ስፍራ ይሄዳሉ። ጃንዩዌሪ 19 ቀን 1967 በቀረበው ክፍል ካፒቴኑ በዚያ ስፍራ ጎርን ከሚባል እንሽላሊት መሰል ፍጡር ጋር ብቻ ለብቻ ይዋጋል። ጎርን የለበሰው የጎማ ልብስ ከባድ ነውና ቡጢ ሲሰነዝር ካፒቴኑ ቡና አፍልቶ ሁለተኛውን ጠጥቶ ሊሸሸው ይችላል። ሆኖም በፍልሚያው መጨረሻ ኬርክ በቀርከሃ መድፍ ከጣለው በኋላ ሊገድለው ሲችል ይተወዋል፤ ያ ፍጡር የመጣው ድንበሩ ተደፈረብኝ ብሎ ሊሆን እንደሚችል ስለገባው። ጎማው ጎማ መሆኑን እያየሁ ያን ምሕረት አምኛለሁ። እንዴት እንዳመንኩ ግን ብጠየቅ መልስ ያጥረኛል።

ድህነቱ የአሜሪካኖቹ ብቻ አለመሆኑንም መጥቀስ ይገባል። «ስታር ትሬክ» ከጀመረ ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1966፣ በምዕራብ ጀርመን «የጠፈር ቃፊር ኦሪዮን» የተባለ በሙኒክ የተሠራ ሰባት ክፍል ብቻ ያለው ድራማ መታየት ጀመረ። የኦሪዮን መርከብ የምትመራበት ጠረጴዛ ላይ የልብስ ካውያ ተተክሎበታል። ጀርመኖቹ እስከ ዛሬ ካውያዋን በፍቅር ያስታውሷታል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በኦሪዮን ላይ የጸጥታ መኮንኗ ሴት ናት፤ የተላከችውም አለቃውን እንድትቆጣጠር ነው፤ ሲያስፈልግም ትእዛዙን የመሻር ሥልጣን አላት። በዚያው ወር በካሊፎርኒያ የነበረችው ምክትል አዛዥ ነርስ ሆና ነበር። ካውያ ከነበረው መርከብ ላይ ሴት አዘዘች፤ ሃብታሙ ስቱዲዮ ግን ለዚህ አልደፈረም። የገንዘብ ጉዳይ አልነበረም ማለት ነው።

በሦስተኛው ዓመት በጀቱ ተቀነሰ። የዓመቱ መክፈቻ፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1968 የቀረበው፣ የስፖክ አንጎል የተሰረቀበት ክፍል ነው። አንዲት ሴት ከሌላ ዓለም መጥታ የብልሁን የስፖክን አንጎል ከራስ ቅሉ አውጥታ ትወስዳለች፤ ጸጉሩ እንኳ አልተበላሸም። ባልደረቦቹ አንጎል የለሽ ገላውን በእጅ መቆጣጠሪያ እየነዱ ይዘውት ፍለጋ ይሄዳሉ። በመጨረሻም ዶክተር ማኮይ አንጎሉን ወደ ቦታው ሲመልስ ጥበቡ መካከል ላይ ይጠፋበትና ታካሚው ራሱ ከቀዶ ሕክምናው አልጋ ላይ ሆኖ ቀሪውን ያስተምረዋል። ስለዚህ ክፍል ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ አንጎል ካጡት መካከል ስፖክ ብቻ ተለይቶ መጠቀሱ ግን ፍትሐዊ አይመስለኝም።

በዚያው በተራቆተው ዓመት ሁለት ድንቅ ነገሮች መሠራታቸውን ግን ሐቀኛ ሐያሲ ሊያልፍ አይችልም። ኦክቶበር 25 ቀን 1968 በቀረበው ክፍል መርከበኞቹ የምዕራብ አሜሪካ የድሮ ከተማ ውስጥ ይገባሉ። ሙሉ ከተማ የሚሠራበት ገንዘብ አልነበረም፤ የቤቶቹ ፊት ብቻ ቆመ። በር አለ፣ ግድግዳ የለም፤ ሰዓት በአየር ላይ ተሰቅሏል፤ ሰማዩ ደም መስሏል። ደራሲው ይህን ጉድለት «ከካፒቴኑ የትዝታ ቁርጥራጭ የተሠራ ከተማ ነው» ብሎ አሳመነበት። ዲሴምበር 6 የታየው ሌላው ክፍል ደግሞ በአብዛኛው ጥቁር ባዶ መድረክ ላይ የሚካሄድ ነው፤ አንዲት መናገር የማትችል ሴት የሌሎችን ቁስል ወደ ራሷ ገላ እየወሰደች ትፈውሳለች። መብራት፣ ጨለማ፣ የሰው ፊት፤ ሌላ ምንም የለም። በመድረክ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ጓዶች ይህ የሚያስተምረው ብዙ ነው። እኛም ዘንድ ስንት ጊዜ ነው መጋረጃ ስላልተገዛ ቴአትሩ ይቆይ የተባለው?

የአልባሳት መጋዘኑም የራሱ ድርሻ አለው። ስቱዲዮ ውስጥ ከሌላ ፊልም የተረፈ ልብስና ጎዳና ሞልቷል። ስለዚህ በ1968 መጀመሪያ ወራት ውስጥ ኢንተርፕራይዝ ከምድር እጅግ ርቃ የቺካጎ ወሮበሎች የሚገዙት ፕላኔት፣ የናዚ ጀርመንን ልብስ የለበሰ ፕላኔት፣ እንዲሁም ቴሌቪዥን ያለው የሮማ መንግሥት የቆመበት ፕላኔት አገኘች። ሮማውያኑ የባሪያዎችን ፍልሚያ በቀጥታ ያሰራጫሉ፤ ጭብጨባውና ፉጨቱ የሚመጣው ከማሽን ነው። ስለ ራሱ ስለ አሜሪካ ቴሌቪዥን የቀለደ ክፍል ቢኖር ይህ ነው፤ ቀልዱን ያስተላለፈው ጣቢያም አልተቆጣም። ያልገባው ይሆናል።

አሁን ሳቃችን ወደሚመርበት ስፍራ ደርሰናል። የመርከቢቱ ሠራተኞች ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ቀዳሚ መመሪያ አላቸው፤ በሌላ ሕዝብ የዕድገት ጎዳና ውስጥ ጣልቃ አትግቡ የሚል። ካፒቴን ኬርክ ይህን መመሪያ በቃሉ ያውቀዋል፣ ለሌሎችም ያስተምረዋል፤ ሥራ ላይ ሲደርስ ግን ይረሳዋል። እንዲህ ዓይነት ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ ኬርክ በማያውቁት ፕላኔት ወርዶ አማልክታቸውን ይሰብራል፣ መንግሥታቸውን ይገለብጣል፣ አንድ ንግግር ያደርጋል፣ ብን ብሎ ይሄዳል። በማግሥቱ ሕዝቡ ምን እንደበላ የሚያሳይ ክፍል አልተሠራም።

ከእነዚህ ክፍሎች ሁሉ ከባዱ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1968 የታየው ነው። በቀስትና በጦር የሚኖር ሰላማዊ ሕዝብ አለ፤ ክሊንጎን የተባሉት የኢንተርፕራይዝ ጠላቶች የአንዱን መንደር ሰዎች በድብቅ ጠመንጃ ያስታጥቋቸዋል። ኬርክ ምን ማድረግ ይሻላል ብሎ ያስብና በተራራ ለሚኖሩት ወዳጆቹ ያንኑ ዓይነት ጠመንጃ፣ በዚያው ልክ ለመስጠት ይወስናል፤ ሚዛኑ እንዲጠበቅ። ሐኪሙ «ይህማ ማለቂያ የሌለው ጦርነት ነው» በሚል ስሜት ሲሟገተው፣ ካፒቴኑ በሃያኛው ምዕተ ዓመት በእስያ የተደረገውን ጦርነት በማስረጃነት ያቀርባል። ይህ ክፍል የታየው በቬትናም የቴት ማጥቃት ከተከፈተ በቀናት ውስጥ ነው። ተመልካቹ የሳይጎንን ጎዳናዎች ጢስ በዜና አይቶ፣ ጥቂት ቆይቶ ለዚያው ጢስ የተሰጠውን ማመካኛ በድራማ አየ ማለት ነው። ለደራሲው ፍትሕ ለማድረግ፣ ካፒቴኑ በውሳኔው ደስተኛ አይደለም፤ ጠመንጃዎቹን ሲያዝ ፊቱ ይጠቁራል። ነገር ግን ጠመንጃው ይታዘዛል። ትናንት ሞቃዲሾን ሲያስታጥቅ የነበረው ኃያል መንግሥት በ1977 ዞሮ አዲስ አበባን ሲያስታጥቅ፣ የአዲስ አበባው ወዳጅ ደግሞ ፊቱን ወደ ሞቃዲሾ ሲያዞር ላየ የአፍሪካ ቀንድ ሰው፣ ይህ «የሚዛን» ትምህርት ሳይንሳዊ ልብ ወለድ አይመስለውም። በድራማው ውስጥ ስለ ሚዛኑ የተማከሩት ሁለቱ ሰዎች ወደ መርከባቸው መመለሳቸውን፣ የተራራው ሰዎች ግን እዚያው መቅረታቸውን ልብ ይሏል።

ከአንድ ወር በኋላ፣ ማርች 1 ቀን 1968፣ ሮደንበሪ ራሱ የጻፈው ክፍል ቀረበ። በሩቅ ፕላኔት «ያንግ» እና «ኮም» የሚባሉ ሁለት ወገኖች ይዋጋሉ። አንባቢ ስሞቹን ጮክ ብሎ ቢያነባቸው ያንኪና ኮሚኒስት መሆናቸው ይሰማዋል። ያንጎቹ ድል ሲያደርጉ የተቀዳደደ የአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ ይወጣል፤ ካፒቴኑም የአሜሪካን ሕገ መንግሥት መግቢያ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ያነባል። አንድ ሕዝብ በሌላ የሰማይ ጥግ ያንኑ ሰንደቅና ያንኑ ቃል ሳይቀይር እንዴት ሊፈጥር እንደቻለ የሚጠይቅ መርከበኛ የለም፤ ስፖክ እንኳ ቅንድቡን ብቻ ያነሣል። ለዚህ ክፍል ካርቶን ተጠያቂ አይደለም። ቃሉ ነው ካርቶን።

ይህን ሁሉ ብለን ድራማው ያደረገውን ብናስቀር ግን እንበድላለን። በ1966 በአሜሪካ ቴሌቪዥን መርከብ የሚነዳ እስያዊ መኮንን አስቀመጠ፤ ሱሉን የተጫወተው ጆርጅ ታኬይ በልጅነቱ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ ከጃፓን ዘር በመወለዱ ብቻ ከወላጆቹ ጋር በአሜሪካ የእስር ካምፕ ያደገ ነው። በ1967 በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል ቼኮቭ የተባለ ሩሲያዊ ወጣት ጨመረ፤ ቼኮቭም በዓለም ላይ ያለው ነገር ሁሉ በሩሲያ የተፈለሰፈ መሆኑን ያለማሰለስ ያስረዳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥቁር ሴት መኮንን አስቀመጠ። ስሟ ኡሁራ ነው፤ በስዋሂሊ ነጻነት ከሚለው ቃል የተወሰደ። ተዋናይቱ ኒሼል ኒኮልስ ናት።

ነጻነት የተባለችው መኮንን ሥራዋ በአብዛኛው ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ሰክታ «መስመሩ ተከፍቷል» ማለት ነበር። የመድረክ ሴት ለሆነችው ኒኮልስ ይህ አልበቃትም፤ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ልትለቅ ወሰነች። እርሷ ራሷ ደጋግማ እንደተናገረችው፣ በዚያው ሰሞን በአንድ የሲቪል መብት ታጋዮች ግብዣ ላይ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ አግኝተዋት ድራማውን ከልጆቻቸው ጋር እንደሚከታተሉ ነገሯትና እንዳትለቅ አጥብቀው መከሯት። ቀረች። እኚህ በስብከት የታወቁ ሰው ዋጋ የሰጡት ድራማው ለሚሰብከው ሳይሆን ሴቲቱ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጧን ነው። ጸሐፌ ተውኔት ሆኜ ይህን ስመዝን አፍራለሁ፤ የደራሲዎቹ ቃል ሁሉ ተደምሮ የአንድ ወንበር ያህል አልሠራምና።

ቃላቸው ሲሞክር ምን እንደሚሆን ደግሞ ጃንዩዌሪ 10 ቀን 1969 ታየ። ፊታቸው እኩል በእኩል ነጭና ጥቁር የሆነ ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ይጠላላሉ፤ አንዱ በቀኝ ጥቁር፣ ሌላው በግራ ጥቁር በመሆኑ። በመጨረሻም በሚቃጠል ዓለማቸው ላይ ይሯሯጣሉ፤ ሩጫው ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ይረዝማል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ነገር ግን ሁለቱን በእኩል ሞኝ አድርጎ ሲያበቃ፣ ከሁለቱ የማን ሕዝብ ባሪያ እንደነበረ በንግግር የተጠቀሰውን ቸል ይለዋል። ጨቋኝና ተጨቋኝ በአንድ ቀለም ባልዲ ተቀቡ። ኖቬምበር 22 ቀን 1968 የታየው የኬርክና የኡሁራ መሳሳምም ብዙ ተወርቶለታል። በቴሌቪዥን የመጀመሪያው ነው የሚለው አባባል አከራካሪ ሲሆን፣ በታሪኩ ውስጥ ግን ሁለቱ የሚሳሳሙት ወደው አይደለም፤ ሐሳብን በኃይል የሚያዝዙ ጨካኞች አስገድደዋቸው ነው። ደራስያኑ ከንፈርና ከንፈር እንዲነካካ የፈቀዱት ማንም እንደማይፈልገው ካረጋገጡ በኋላ ነበር።

የድራማው መጨረሻም እንዲሁ ሳቅና ትዝብት የተቀላቀለበት ነው። በ1967 መጨረሻ ሊቋረጥ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ተመልካቾች የደብዳቤ ዘመቻ ከፈቱ፤ በካልቴክ የሚማሩ ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው ወደ ጣቢያው ሄዱ። ጣቢያው ከደብዳቤው ብዛት የተነሣ ድራማው እንደሚቀጥል በአየር ላይ አስታወቀ፤ ያስታወቀውም ያ የሕገ መንግሥቱ ክፍል እንዳለቀ ነው። ቀጥሎ ግን ድራማውን ወጣቱ ሁሉ ከቤት በሚወጣበት ዓርብ ሌሊት፣ በአራት ሰዓት ላይ አስቀመጠው። ሰፊው ተመልካች በደብዳቤ ያዳነውን አንድ የፕሮግራም ሹም በሰዓት ገደለው።

የመጨረሻው ክፍል በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሞት ምክንያት ከማርች ወር ተላልፎ ጁን 3 ቀን 1969 ታየ። ቀደም ሲል አንባቢ በልቡ እንዲይዛት የለመንናት ሴት እዚህ ላይ ትመለሳለች፤ እርግጥ በሌላ መልክ። ዶክተር ጃኒስ ሌስተር የተባለች ሴት የመርከብ አዛዥ ለመሆን ትመኛለች፤ ያ ዓለም ሴቶችን ለካፒቴንነት እንደማይቀበል በምሬት ትናገራለች፤ ማንም አያስተባብላትም። በአንድ መሣሪያ የራሷን ነፍስ ከካፒቴን ኬርክ ገላ ጋር ትለዋወጣለች። ወንበሩ ላይ በወጣች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ትጮኻለች፣ ጠረጴዛ ትመታለች፣ መኮንኖችን ለሞት ትፈርዳለች፤ በመጨረሻ ተንሰቅስቃ ታለቅሳለች። ኬርክ ገላውን መልሶ ሲያገኝ «ምነው በሴትነቷ ረክታ በኖረች» በሚል ዓይነት ሐዘኔታ ያዝንላታል። የሰው ልጅ ፕላኔት ሁሉ ያያል፣ ከጎርን ጋር ይታረቃል፣ የተሰረቀ አንጎል ይመልሳል፤ በሃያ ሦስተኛው ምዕተ ዓመት ግን ሴት ካፒቴን መሆን አትችልም። ድራማው አንዲት ሴት ከወንበሯ በማውረድ ተጀምሮ፣ ሌላይቱን ወንበሩን በመመኘቷ እብድ አድርጎ አለቀ። ከ47 ቀን በኋላ፣ ጁላይ 20፣ አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ አረፈ።

ከተቋረጠ በኋላ ድራማው በየአካባቢው ጣቢያ በድጋሚ እየታየ ከቀድሞው የበለጠ ተወዳጅ ሆነ። ኒኮልስ ደግሞ «መስመሩ ተከፍቷል» ሲሏት የኖረውን ቃል በእውነት ሠራችበት፤ ከ1977 ጀምሮ የአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት ናሳ ሴቶችንና ጥቁሮችን ለጠፈርተኛነት ሲመለምል ከአገር አገር እየዞረች ቀሰቀሰች። በ1992 ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና ጠፈር የወጣችው ሜይ ጀሚሰን፣ በልጅነቷ ኡሁራን ታይ የነበረች ናት። ኒኮልስ በጁላይ 2022 አረፈች።

ናሳም በ1976 የመጀመሪያዋን የጠፈር መመላለሻ ሲሠራ፣ የድራማው ወዳጆች በጻፉት ደብዳቤ ብዛት «ኢንተርፕራይዝ» ተባለች። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1976፣ ኦሪዮን ከካውያዋ ጋር ከታየች ልክ በአሥር ዓመቷ፣ መንኮራኩሯ ከጋራዥዋ ስትወጣ ተዋንያኑ ተሰልፈው ተመለከቱ። ጠፈር ግን አልወጣችም፤ ለአየር ላይ ሙከራ ብቻ የተሠራች ነበረች። ዛሬ በኒው ዮርክ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች።

የድራማው መርከብ ደግሞ በዋሽንግተን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ትገኛለች፤ ከእንጨትና ከፕላስቲክ የተሠራች፣ ሦስት ሜትር ከአርባ ሳንቲ ሜትር ያህል የምትረዝም ናት። ለቀረጻ የምትታየው በቀኝ ጎኗ ነበር። የግራ ጎኗ በሚገባ አልተጌጠም፤ የውስጥ መብራቷን የሚያበሩት ሽቦዎች የሚገቡት በዚያ በኩል ነው። በግራ ማሳየት ሲያስፈልግ ስሟንና ቁጥሯን በግልባጭ ጽፈው በቀኝ ያነሷትና ፊልሙን መልሰው ይገለብጡት ነበር። ጎብኚው በቀኟ ፊት ለፊት ቆሞ ብዙ ፎቶግራፍ ካነሣ በኋላ ዞር ብሎ ግራዋን ያያል፤ እዚያ መስኮት አልተሳለም፤ ሽቦ ብቻ ነው ያለው።